በ17 ዓመቷ የምትመለሰው



ባለፈው እሑድ ቤታችን እንግዳ በዝቶ ነበር። ቡና እየቀዳሁ ስለ ሰፈራችን ስናወራ፣ «ምነው ባጃጁ እንዲህ እንደ አሸን ፈላ!» አልኩ። የልጄ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ፣ መጫወቻውን አስቀምጦ ቀና አለና «እማማ፣ አሸን ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቤቱ ውስጥ ስድስት ትልልቅ ሰዎች ነበርን። አንዱ «ጉንዳን ነው» አለ። ሌላዋ «አንበጣ መሰለኝ» አለች። ሦስተኛው ደግሞ «ዝም ብሎ አባባል ነው እንጂ የሚታይ ነገር አይደለም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ሰው ሲበዛ፣ መኪና ሲበዛ፣ ሱቅ ሲበዛ እንደ አሸን ፈላ እንላለን። አሸን ራሱን በዓይኔ አይቼው የማውቀው ግን እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ለልጁ የዚያኑ ዕለት ባጭሩ ነገርኩት። ረጅሙን ለእናንተ ልጻፈው ብዬ አሰብኩ፤ ምክንያቱም አሸን ሲነሳ እናቴና እህቴ አብረው ይነሱብኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሸን ሳይሆን ከሌላ ነፍሳት ነው። ታናሽ እህቴ፣ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ፣ በ1996 ዓ.ም. ጥር ላይ ዲቪ ደርሷት ከብቸና ተነስታ አሜሪካ ገባች። ያረፈችው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው፣ ያገራችን ሰው በብዛት በሚኖርበት ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ እናታችን ቤት ስልክ አልነበረም። እህቴ የምትደውለው ጎረቤት ቤት ነው፤ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በቀጠሮ። ግንቦት ላይ ለዘመድ ተዝካር ብቸና ሄጄ ስለነበር ስትደውል እኔም እናቴ አጠገብ ነበርኩ።

«እማዬ፣ እዚህ አገር ዛፉ ይጮኻል» አለቻት።

«ምን ብሎ?»

«ከመሬት ትል ወጥቶ ዛፉን ሁሉ ሸፈነው። ክንፍ አለው፣ ዓይኑ ቀይ ነው። ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ እርስ በርስ መሰማማት አልቻልንም።»

እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። «አንበጣ ነው በይኛ! እህሉስ? ዘርዝሯል?»

«እማዬ፣ እዚህ እህል የለም። ሣርና ዛፍ ብቻ ነው።»

«እህል ከሌለ ምን ሊበላ መጣ? በይ ቆርቆሮ ምቺ፣ ጅራፍ አስጩሂ፣ ጭስ አጭሺበት!»

ጎረቤቶቻችን ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የጤፍ አገር ሰው ናት፤ መንጋ ሲባል የምታውቀው አንበጣንና ተምችን ነው። አያቷ የክፉ ቀንን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን፣ ከብት ያለቀበትንና ከድርቁ የተረፈውን አንበጣ የበላበትን ዘመን ያዩ ሴት ነበሩ። ለእሷ ሰማይ ወይም ዛፍ በነፍሳት ተሸፈነ ማለት ረሃብ መጣ ማለት ነው።

እህቴ ቆርቆሮ አልመታችም። የአገሩ ሰዎች ነገሩን አስረዷት፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ። ነፍሳቱ ሲካዳ ይባላል። በእኛም አገር ቆላ ውስጥ፣ ፀሐይ ሲበረታ ዛፍ ላይ ተደብቀው የሚንጫረሩ ዘመዶች አሉት። እዚያ የሚገርመው ግን የጊዜ ቀጠሮው ነው። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ብቻ የሚኖሩ ሰባት ዝርያዎች አሉ። ገሚሶቹ 17 ዓመት፣ ገሚሶቹ 13 ዓመት ከመሬት በታች ይኖራሉ። ከዚያ ቀጠሯቸው በደረሰበት ዓመት ሁሉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ይወጣሉ።

መሬት ውስጥ ሳሉ የሚኖሩት የዛፍ ሥር ውኃ እየጠቡ ነው። ቀጠሮው ሲደርስ የመሬቱን መሞቅ ይጠብቃሉ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ያለው አፈር 18 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ሲመሽ ይወጡና ዛፍ፣ አጥር፣ ግድግዳ፣ ያገኙት ላይ ይወጣሉ። ጀርባቸው ይሰነጠቅና ከቅርፊታቸው ነጭ ሆነው ይወለዳሉ፤ በማግሥቱ ጠቁረው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ይታያሉ። የሚጮኹት ወንዶቹ ናቸው፤ ሆዳቸው ግራና ቀኝ ላይ እንደ ከበሮ የሚርገበገብ ስስ ቆዳ አላቸው። ሴቷ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሰንጥቃ እስከ 500 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ከመሬት ከወጡ በኋላ የሚኖሩት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። እንቁላሉ ከስድስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ሲፈለፈል፣ ሩዝ የሚያህሉት ልጆች ከዛፉ ወድቀው ወደ አፈር ይገባሉ፤ 17 ዓመት ይጀመራል።

ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ይቆጥሩታል? ተመራማሪዎች ይህንኑ ሊፈትኑ የ17 ዓመቶቹን ነፍሳት በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያብብ ባደረጉት የኮክ ዛፍ ሥር አኖሯቸው። ነፍሳቱ ከጊዜያቸው አንድ ዓመት ቀድመው ወጡ። የሚቆጥሩት ቀኑን ሳይሆን በዛፉ ውኃ ውስጥ የሚመላለሰውን ወቅት ነው ማለት ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «እኔስ ዓመቱን በፍልሰታ አይደል የምቆጥረው» አለች።

በአንድ ጊዜ የሚወጡት ደግሞ ለመትረፍ ነው። ሲካዳ አይናደፍም፣ አይናከስም፣ መርዝ የለውም፣ ፈጥኖም አይበርም። ወፉም፣ ውሻውም፣ እባቡም ይበላዋል። በብዛት በሚወጣበት ቦታ ግን በአንድ ሄክታር ከ3 ሚሊዮን በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በላተኛው ሁሉ ጠግቦ ይተወዋል። የተረፈው ይበቃል። 13 እና 17 ለሌላ ቁጥር የማይካፈሉ መሆናቸውም፣ የሚበሏቸው እንስሳት ኡደት ከእነሱ ጋር እንዳይገጥም ይረዳል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

አንበጣ ግን ሌላ ነው። የበረሃ አንበጣ የፌንጣ ዘር ነው፤ ቅጠል ያኝካል። ቀጠሮም የለውም፤ በረሃው ላይ ዝናብ በተመቸ ጊዜ በወራት ውስጥ ይባዛል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወሎ ላይ ያደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እስከ 80 ሚሊዮን የሚደርስ መንጋ በአንድ ቀን የ35 ሺህ ሰው ቀለብ ያወድማል። ስለዚህ እማዬ በፍርሃቷ አልተሳሳተችም፤ የተሳሳተችው በነፍሳቱ ማንነት ነው።

በዚህ የተሳሳተችው ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። በዚያው በሜሪላንድ በ1731 እ.ኤ.አ. የተወለደ ቤንጃሚን ባኔከር የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ገበሬ ነበረ፤ ራሱን በራሱ አስተምሮ የከዋክብት ሊቅ የሆነ ሰው ነው። በ1749 እ.ኤ.አ.፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሲካዳዎቹ ሲወጡ አዝመራውን በልተው ረሃብ የሚያመጡ መስሎት ይገድላቸው ጀመር። ድካሙ ከንቱ መሆኑን አይቶ ተወው። በ1766፣ ቀጥሎም በ1783 ተመልሰው ሲመጡ መዝግቦ ያዘ፤ በ1800 እንደሚመጡም አስቀድሞ ጻፈ። እህቴ በ1996 ዓ.ም. ያየቻቸው የእነዚያው የልጅ ልጆች ናቸው።

የዚህን መንጋ ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ወደ ኋላ ቆጥሬው ነበር። በ1928 ዓ.ም. የወጡት ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን ነው። በ1945 ሲወጡ እናቴ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከሞጣ ቆላ ለብቸና የተዳረችው በዚያው ዘመን ነው። በ1962 እኔ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነኝ። በ1979 እህቴ አምስት ዓመቷ ነበር፤ በእማዬ ጀርባ ታዝላ ካልሆነ ገበያ አልሄድም የምትልበት ጊዜ። በ1996 እህቴ ሄደች። ቀጣዩ 2013 ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ግንቦት እማዬ 80 ዓመቷ ነው። ጎረቤት ቤት መሮጥ ቀርቶ ስልኩ እጇ ላይ ነው፤ ምስልም ያሳያል። በስልኩ ውስጥ የምታወራት በአሜሪካ የተወለደችው የ15 ዓመት የልጅ ልጇ ናት (ስሟን ጋዜጣ ላይ እንዳላወጣ አስጠንቅቃኛለች)። ልጅቷ መዳፏ ላይ ባዶ ቅርፊት ይዛ በተሰባበረ አማርኛዋ ታስረዳለች።

«ያችው ናት? እናትሽ እንደመጣች ያየቻት?» አለች እማዬ።

«አይደለችም አያቴ። እነዚያ ሞተዋል። እነዚህ ልጆቻቸው ናቸው። ያኔ እዚህ ዛፍ ላይ ተወለዱ፣ አሁን እዚሁ ወጡ።»

እማዬ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ስልኩን አስጠግታ፣ ለልጅቷ ሳይሆን ከኋላዋ ለቆመችው ለእህቴ፣ «የትል ልጅ እንኳ በ17 ዓመቷ እናቷ ዛፍ ላይ ትመጣለች» አለች።

ሌላ ምንም አልጨመረችም። እህቴ ከሄደች 17 ዓመት ሞልቷት ነበር፤ አንድም ቀን አልመጣችም። ምክንያት አላጣችም። መጀመሪያ ገንዘብ አልነበረም። ቀጥሎ የሌሊት ሥራ መጣ፣ ቀጥሎ ልጅ፣ ቀጥሎ የቤት ዕዳ። ቲኬት በቆረጠችበት ዓመት ደግሞ ኮሮና ገባ። ሁሉም እውነት ነው። ግን እያንዳንዱ ምክንያት ያለው አንድ አንድ ዓመት ነው፤ ሲደመር 17 ሆነ።

በዚያ ሌሊት ለእኔ ደወለች። «እትዬ፣ እማዬ ሰደበችኝ እኮ» ብላ አለቀሰች።

«አልሰደበችሽም፤ ቆጠረችብሽ እንጂ» አልኳት። ብዙ ላጽናናት አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር እኔም ቅር ብሎኝ ነበር፤ እናታችንን ማስታመሙ ለብቻዬ የሆነ ይመስለኝ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ የልጇ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ሁለቱም መጡ። ዓባይን ተሻግረን፣ በደጀን በኩል ብቸና ገባን። ስለ አቀባበሉ አልጽፍም፤ እናንተም ቤት የተደረገ ነው። በሳምንቱ ግን እማዬ «የተወለድኩበትን ሳላሳያት አትሄድም» አለች። 81 ዓመቷ ነው፤ ብንለምናት እምቢ አለች። ከብቸና በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ አደርን። በማግሥቱ መኪናው እስከሚደርስበት ሄድን፤ የቀረውን ቁልቁለት እሷ በበቅሎ፣ እኛ በእግራችን ወደ ቆላው ወረድን። አጎቴ ቤት ገባን።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሊመሽ ሲል አባራ፤ አየሩ ሞቀ፣ ነፋስም አልነበረም። እማዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ከግቢው ጀርባ ያለውን ኩይሳ ስታይ ቆየችና «ዛሬ ይወጣል» አለች። ብዙም አልቆየ። ኩይሳው እዚህም እዚያም ተበሳ። መጀመሪያ ትልልቅ ራስ ያላቸው ምስጦች ብቅ ብለው በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቆሙ። ከኋላቸው ክንፋሞቹ እንደሚፈላ ወተት ገነፈሉ። አሸን ይህ ነው። ፈላ የሚለው ቃል ለምን እንደተመረጠለት ያየው ብቻ ይገባዋል።

ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ መግባታቸውን ትተው ተመለሱ፣ ወፎቹ ወረዱ፣ ድመቷ ሳትቀር ትዘላለች። የአጎቴ ሚስት ፋኖሱን አጥፍታ፣ የሰኔ ጾም ነበርና የተሠራውን ሽሮ በሰፌድ ከደነችው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥላ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። «አያቴ፣ የእኛው ነው! እንደ ሲካዳ! ሁሉም አንድ ላይ የሚወጡት እንዳያልቁ ነው» ትላለች።

ያን ሌሊት ከአያቷ ጋር ሲማማሩ አመሹ። ልጅቷ በትምህርት ቤት ከሰማችውና ከስልኳ ካነበበችው ትናገራለች፤ እማዬ ካየችው። አሸን የምስጥ ልጅ ነው። በኩይሳው ውስጥ ያሉት ሠራተኞችና ወታደሮች ክንፍ የላቸውም፤ አይወልዱም። ክንፍ የሚያወጡት ወደፊት አባትና እናት የሚሆኑት ናቸው። ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ ይወጣሉ፤ ጥቂት በርረው ያርፋሉ፣ ክንፋቸውን ይጥላሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው አፈር ይቆፍራሉ። አብዛኛው ይበላል። የተሳካላት እናት ግን ወንዱ ከጎኗ ሳይለይ ለብዙ ዓመት እየወለደች አዲስ ኩይሳ ታቆማለች። በአንድ አካባቢ ያሉ ኩይሳዎች በአንድ ቀን የሚወጡትም፣ የአንዱ ቤት ልጅ ከሌላው ቤት ልጅ እንዲገናኝ ነው፤ ወንድምና እህት እንዳይጋቡ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ጭኗን መታች። «ሰባት ቤት ይቆጥራሉ በይኛ!» ብላ እስክታነባ ሳቀች። ለልጅቷ ሰባት ቤት መቁጠር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ ያለ እሷ ማንም የማያውቀው የቅድመ አያቶቻችን ስም በዚያው ተቆጠረ። ልጅቷ ስልኳ ላይ ቀዳችው።

በማግሥቱ ጠዋት ደጁ ሁሉ ክንፍ ብቻ ሆኖ አደረ። እህቴ ልትጠርግ መጥረጊያ ስታነሳ እማዬ «ቆይ» አለቻት። ካለችበት ሆና እንዲህ አለች፦

«አሸን አንዴ ከወጣ ወደ ኩይሳው አይመለስም። ክንፉን የጣለበት አገሩ ነው። ባለፈው በስልክ ተናግሬሽ ነበር፤ እሱ የትሏ ነው። አንቺ አሸን ነሽ፤ ክንፍሽን እዚያ ጥለሻል፣ ልጅም ወልደሻል። እኔ አልፈርድብሽም። በይ አሁን ጥረጊ።»

እህቴ እየጠረገች አለቀሰች። እኔም ቅር ያለኝ ነገር በዚያ ጠዋት ወጣልኝ። ለዓመታት «አልመጣሽም» ስንላት የኖርነው፣ እሷም ስታፍርበት የኖረችው ነገር፣ በአንድ ቃል ተፈታ። ይህን ቃል በስልክ አናገኘውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በዓመቱ መንገዱ እንደ ልብ መሆኑ ቀረ፤ ስልክም አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። እማዬ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ብቸና፣ በገዛ አልጋዋ ላይ አረፈች። እህቴ ለቀብር አልደረሰችም። እኔም የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት አሜሪካ ውስጥ የ13 ዓመቶቹና የ17 ዓመቶቹ ሁለት ትልልቅ መንጋዎች በአንድ ጊዜ ወጡ፤ እነዚያ ሁለቱ አብረው የወጡት ከ1803 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የእህቴ ልጅ ዜናውን ስትልክልኝ ሥሩ ላይ «አያቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር?» ብላ ጽፋለች። ቆርቆሮ ምቺ ትል ነበር ብዬ መለስኩላት። ሁለታችንም የሳቅን ይመስለኛል።

እህቴ ሰፈር ያለው መንጋ የሚቀጥለው ቀጠሮው ግንቦት 2030 ዓ.ም. ነው። ዛሬ እዚያ ዛፍ ሥር፣ አፈር ውስጥ ሆኖ እየቆጠረ ነው፤ ይመጣል። እኛ ግን እንደ እሱ በ17 ዓመት መቀጣጠር አንችልም። የሩቅ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ «ለምን አልመጣህም» የሚለውን አንዴ ተናግራችሁ ተዉት፤ ይልቅ የምትመርቁበትን ቃል አዘጋጁ። የሩቅ እናት ያላችሁ ልጆች ደግሞ፣ ምክንያታችሁ እውነት ቢሆንም ደምሩት፤ ስንት ዓመት እንደሆነ እዩት። አያቶችም የሰባት ቤት ስማችሁን ለልጅ ልጆቻችሁ አስቀዱ። እኛ ያንን አንድ ምሽት ባናገኝ ኖሮ ስሞቹ አብረዋት ይቀበሩ ነበር።

የልጄ ልጅ ታሪኩን ከሰማ በኋላ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «መቼ ነው የምናየው?» ክረምቱ ሲገባ፣ መንገዱ ደህና ከሆነ፣ ይዤው ሞጣ ቆላ ልወርድ አስቤያለሁ። የአጎቴ ልጆች ኩይሳው እዚያው እንዳለ ነግረውኛል።

ቸር ሰንብቱ።